መሬት፣ ቦኖ ውኃ እና ትዳር፦ የሐይቅና የአምባሰል ወጣት ጎጆ መውጫው ለምን ራቀ?

ሐይቅ፦ በአምባሰል ተዳፋት ላይ የሚያርስ አንድ አባወራ አራት ወንዶች ልጆች ቢኖሩት፣ የመጀመሪያው ጎጆ ሲወጣ ከአባቱ ማሳ ይቆረስለታል። ሁለተኛውም ጥቂት ይደርሰዋል። ለአራተኛው የሚተርፈው ግን በሬ ለማዞር እንኳን የማይበቃ ቁራሽ ነው። መሬት የሌለው ጎረምሳ ደግሞ፣ ሰማኒያ ቢያስርም ኒካሕ ቢያስርም፣ ሚስቱን የሚያስገባበት ቤት የለውም።

ይህን ጉዳይ የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ ጊብሰን እና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው እሸቱ ጉርሙ በሌላ የሀገራችን ገጠር መርምረውታል። እ.ኤ.አ በ2011 ባሳተሙት ጥናት መሬት ከአባት በሚወረስበት ቤት የታላላቅ ወንድሞች ቁጥር በጨመረ መጠን የታናሹ ምርት፣ የማግባትና የመውለድ ዕድል ይቀንሳል። መሬቱን በቀጥታ ከመንግሥት ባገኙት ዘንድ ግን ይህ ሽሚያ አልታየም፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ታላቅ መኖሩ ጠቅሟል። ወንድማማቾችን ያፎካከራቸው ጠባያቸው ሳይሆን የመሬቱ አሰጣጥ ነበር ማለት ነው። በአማራ ክልል የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ሽግሽግ የተካሄደው በ1989 ዓ.ም በመሆኑ፣ ከዚያ በኋላ የተወለደው ትውልድ በአብዛኛው የቤተሰቡን እጅ ጠባቂ ኾኗል።

የሰው ልጅ የመውለድና ልጅ የማሳደግ ጠባይ በረጅም ዘመን አዝጋሚ ለውጥ የተቀረጸ ነው። ብዙ የምትሠራና ጥቂት የምትበላ እናት ሰውነት ቀጣዩን እርግዝና ያዘገያል፤ ይህም የያዘችውን ልጅ ለማሳደግ ጊዜ ይሰጣታል። ችግሩ፣ ኑሮ ሲለወጥ ሰውነት በድሮው ሥርዓቱ ምላሽ መስጠቱ ነው። በአርሲ ገጠር የቦኖ ውኃ በገባባቸው መንደሮች እናቶች እንስራ ተሸክሞ ከመጓዝ ተገላገሉ፤ የሕጻናት ሞትም ቀነሰ። ነገር ግን እ.ኤ.አ በ2006 የወጣ ጥናት እንዳሳየው የወሊድ መጠን ከፍ አለ፤ በሕይወት በተረፉት ሕጻናት ዘንድ የምግብ እጥረት ተባባሰ። ውኃው ጥፋት አላደረገም። የጎደለው ከውኃው ጋር አብሮ መምጣት የነበረበት የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት ነው።

በአማራ ክልል አገልግሎቱ ኋላ ላይ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል ገጠር ደርሷል። በሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት በክልሉ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች አማካይ እ.ኤ.አ በ2000 5 ነጥብ 9 ነበር፤ በ2016 ወደ 3 ነጥብ 7 ወርዷል። የቤተሰብ ሕጉም የጋብቻ ዕድሜን 18 አድርጓል፤ ሕጉ ሁሉም ደጃፍ ደርሷል ማለት ግን አይደለም።

ሌላው ለውጥ የዓረብ ሀገር ጉዞ ነው። ደቡብ ወሎ ሴት ልጆቻቸውን ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤው ሀገራት ከሚልኩ አካባቢዎች አንዱ ነው። ቀድሞ ልጃገረድ ስትታጭ የሚቆጠረው የሁለቱ ወላጆች ከብት ነበር፤ አሁን እሷ ራሷ ይዛ የምትመለሰው ጥሪት ይጠየቃል። ወልዳ የሄደችው ደግሞ ልጇን ለአያት ትታ ትሄዳለች።

አያት ማሳደጓ በራሱ እንግዳ ነገር አይደለም። ክሪስተን ሆክስ የተባሉ አንትሮፖሎጂስት በታንዛኒያ የሃድዛ ማኅበረሰብ ውስጥ አያቶች ሥራ ሥር ቆፍረው የልጅ ልጆቻቸውን እንደሚመግቡ አሳይተዋል፤ ሴቶች መውለድ ካቆሙ በኋላ ረጅም ዕድሜ የሚኖሩትም ለዚህ ሊሆን ይችላል ብለዋል። ልዩነቱ የሃድዛዋ አያት የምታግዘው አጠገቧ ያለችውን እናት መሆኑ ነው። የአምባሰሏ አያት ግን የእናቲቱን ቦታ ራሱን ተክታለች፤ በዚያ ላይ ማገዶው፣ ጥጃው፣ አረሙ አለባት። የሚላክላት ብር ዱቄትና ደብተር ይገዛል፤ ስልክ ግን ጡት አያጠባም። በ2006 ዓ.ም ሳዑዲ ዓረቢያ ከ100 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ብዙ ቤተሰብ ያ ገቢ በአንድ ጊዜ ተቋርጦበታል። እናት ስትመለስ ልጁ «እማዬ» የሚለው አያቱን ሆኖ መገኘቱም የተለመደ ነው።

ጊብሰን እና እሸቱ ወደ እነዚያው የአርሲ መንደሮች ተመልሰው ባደረጉት ጥናት፣ ቦኖ ከገባባቸው መንደሮች ወጣቶች ይበልጥ ወደ ከተማ እንደሚፈልሱ አግኝተዋል። የአምባሰሉ አራተኛ ልጅም ከተራራው ወርዶ በውጫሌ አድርጎ ሐይቅ ይደርሳል፤ ከዚያ ወይ ከተማው ውስጥ የቀን ሥራ ይፈልጋል፣ ወይ ደሴ የሚሄድ መኪና ይሳፈራል።