ባሕሩ በስተቀኝ ነው

እ.ኤ.አ. በ2004 ስቲቭ ኮስት እንግሊዝ አገር የጀመረው ኦፕንስትሪትማፕ ማንም ሰው ገብቶ የሚያርመው የዓለም ካርታ ነው። በመረጃ ቋቱ ውስጥ መንገድ አለ፣ ሕንፃ አለ፣ የሰፈር ቦኖ ውሃ ሳይቀር አለ። ባሕር ግን የለም። ያለው የባሕር ዳርቻ መስመር ብቻ ነው። መስመሩን ተከትሎ የሚሄድ ሰው የብሱን በግራ፣ ውሃውን በቀኝ ማግኘት አለበት። ከአሰብ ወደ ምፅዋ የሚወጣው መስመር ቀይ ባሕርን በቀኙ ይዞ ይጓዛል። የዳህላክ ደሴቶችም እያንዳንዳቸው የሰዓት ቆጣሪ ከሚዞርበት በተቃራኒ ይዞራሉ። መረጃውን ወደ ሥዕል የሚቀይረው ፕሮግራም ከመስመሩ በስተቀኝ ያለውን ሁሉ ሰማያዊ ይቀባዋል። እንደ ጣና ያለ ሐይቅ ግን ራሱን ችሎ ስለሚሳል፣ ቢበላሽም ጣጣው ከራሱ አያልፍም።

ችግሩ አንድ መስመር ከ2000 ነጥብ በላይ መያዝ አለመቻሉ ነው። ስለዚህ የአንድ አህጉር ዳርቻ ጫፍ ለጫፍ የተቀጣጠሉ እጅግ ብዙ ቁርጥራጮች ስብስብ ነው። አንዱ የመርከብ ማረፊያ ሲያስተካክል ሳያውቅ አንዲት ነጥብ ያጠፋል፤ ሌላው አንዱን ቁራጭ አቅጣጫውን ይገለብጠዋል። የጥቂት ሜትር ክፍተት ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ ግን ባሕሩ የት እንደሚያበቃ ማወቂያ አጣ ማለት ነው። ሰማያዊው ቀለም ከተማ ያጥለቀልቃል።

ለጋርሚን መሣሪያ ካርታ የሚሠሩ ሰዎች ይህ በደንብ ይገባቸዋል። እነሱ ከዓለም ካርታ የሚፈልጉትን ክልል ብቻ ቆርጠው ስለሚወስዱ ደህናው መስመር እንኳ ጠርዙ ላይ ይቆረጥባቸዋል። የሚጠቀሙበት ኤምኬጂማፕ የተባለ ፕሮግራም ከተወሰነ ሜትር ያነሰ ክፍተት ካገኘ ራሱ እንዲገጥም ሊታዘዝ ይችላል። ከዚህ ይልቅ እኔን የገረመኝ የጎርፍ መከላከያው ነው፦ ባሕር ተብሎ የተቀባው ቦታ ውስጥ መንገድ ይኖር እንደሆነ ይፈትሻል። መኪና የሚሄድበት ባሕር የለምና፣ መንገድ ከበዛበት ያ ቦታ የብስ ነው ብሎ ይፈርዳል። ወደቦች እንዳያሳስቱት ዳርቻው ጥግ ያሉትን የመንገድ ነጥቦች ከቁጥር አያስገባም።

ያም ሆኖ ግምት ነው። ዮኸን ቶፕፍ የጻፈው ኦኤስኤምኮስትላይን የተባለ ፕሮግራም ሌላ መንገድ መርጧል። የዓለምን ዳርቻ በሙሉ ሰብስቦ ይቀጣጥላል፣ የሚዘጋውን ይዘጋል፣ ስህተት ያገኘበትን ቦታ ሰው ሄዶ እንዲያርመው መዝግቦ ያወጣል። ከእሱ የሚገኘውን የተዘጋጀ የብስና የውሃ ቅርጽ ብዙ ካርታ ሠሪዎች ወስደው ይጠቀሙበታል። አዲሱ ውጤት ከቀድሞው በጣም ከተለየ ደግሞ ሰው እስኪያየው ድረስ አይለቀቅም፤ የቆየው ይቀጥላል። የትናንቱ ደህና ካርታ ከዛሬው የጎርፍ ካርታ ይሻላልና ውሳኔው ትክክል ይመስለኛል።

ዋጋ ግን አለው፤ እውነተኛው እርማትም አብሮ ይጠብቃል። ፕሮግራም የማይፈታው ጉዳይም አለ። በአርጀንቲናና በኡራጓይ መካከል ያለው ሪዮ ዴ ላ ፕላታ አፉ ላይ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። መስመሩ አፉን ዘግቶ ይለፍ ወይስ ወደ ውስጥ ገብቶ ይዙር የሚለው ካርታ ሠሪዎችን አከራክሯል። እዚያ የተበጠሰ ነገር ስለሌለ ፕሮግራሙ የሚጠግነው የለም።