በክረምት ብቻ የሚመጡት መርከቦች

ጉና ላይ ዶፍ ሲወርድ ርብና ጉማራ ሞልተው ጣና ይገባሉ። ከጣና በዓባይ ወጥተውም ካርቱም ይደርሳሉ። እዚያ የሚጠብቃቸው ነጭ ዓባይ ደግሞ ከኢሉባቦር ደጋ የወረደውን የባሮን ውሃ ይዞ ይመጣል። በዚህ በባሮ መንገድ ሽቅብ፣ ከካርቱም እስከ ጋምቤላ፣ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የጭነት መርከቦች ይመላለሱ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ዐፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል ነው። እንግሊዞች በባሮ ዳር፣ በኢታንግ አካባቢ፣ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራዩ ተፈቀደላቸው። በኋላ ጣቢያው የተቋቋመው ጋምቤላ ላይ ነው።

መርከቦቹ በእንፋሎት የሚሠሩ፣ የጭነት ጀልባዎችን ከጎናቸው አስረው የሚጓዙ ነበሩ። ጨውና ጨርቅ አራግፈው ቡና፣ ሰምና ቆዳ ጭነው ይመለሳሉ። ቡናው ከጎሬና ከደምቢ ዶሎ በእንስሳትና በሰው ጀርባ ቆላ ይወርዳል። ታዲያ ባሮ መርከብ የሚሸከመው ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ነጋዴው ዓይኑ ከሰማይ አይነቀልም። ውሃው ከጎደለ በኋላ የደረሰ ቡና የሚቀጥለውን ክረምት ይጠብቃል።

ጋምቤላን ጣሊያን ያዛት። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ከቤልጂየም ኮንጎ የዘመተ ጦር አስለቀቃት። ኪራዩ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ እጅ እስካለች ድረስ ስለነበር፣ ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ አበቃ፤ ጣቢያውም ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

ለእኛ ለጉና ሰዎች ግን ያ ውል ሌላም ነገር ነበረው። መርከቦቹን ያመጣው ያው ወረቀት፣ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ሳይስማሙ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውሃውን መውረድ የሚያግድ ሥራ እንዳያሠሩ ያስገድድ ነበር። ሶባት ማለት ባሮ ደቡብ ሱዳን ሲገባ የሚያገኘው ስሙ ነው። እንግዲህ የባሮ ቡናና የጉና ዝናብ በአንድ ወረቀት ላይ ተፈርሞባቸዋል ማለት ነው።

የጋምቤላ የመርከብ ፉጨት ከቆመ ቆይቷል። ከጉና የሚወርደው ርብ ግን ዛሬ ለመስኖ ተገድቦ፣ ለፎገራ ገበሬ ውሃ እንዲያጠራቅም ተደርጓል። ልጆቻችሁ ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ አይተው «ይህ ሁሉ ውሃ የት ይሄዳል?» ብለው ቢጠይቋችሁ፣ ይህንንም ጨምራችሁ ንገሯቸው።