የጥንቸል ድንበር

አዲስ የመጣች ጥንቸል እጅ ወደ ቤቷ ሲገባ ብታጉረመርም፣ በፊት እግሮቿ ብትማታ፣ በየጥጉም በጠጥ ብትጥል «ክፉ ናት» ተብላ ልትመለስ ትችላለች። ነገሩ ግን ክፋት ሳይሆን ድንበር ማስከበር ነው። ሮማን ሚኪቶዊች በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአውስትራሊያ እንዳሳየው፣ የዱር ጥንቸል ግዛቱን የሚያጥረው በበጠጡና ከአገጩ ሥር ካለው ዕጢ በሚወጣ ሽታ ነው።

ሽታ በአየር የሚበተን ሞለኪውል በመሆኑ ምልክቱ ዘወትር መታደስ አለበት፤ ቤቷን ፈጽሞ አጥበን ሽታዋን ስናጠፋባትም እንደገና ለማኖር ትተጋለች። ስለዚህ የምናጸዳው እርሷ ወጥታ ሳለች፣ ከጉዝጓዟም ጥቂቱን አስቀርተን ይሁን። እጃችንን ወደ ውስጥ ከመስደድ ይልቅ በራሷ ፈቃድ እስክትወጣ እንጠብቃት። በእንስሳት ሐኪም ማስመከንም ይረዳል፤ ሆርሞኑ እስኪቀንስ ግን ሳምንታት ይፈጃል። መምታት ፍርሃቷን ያጸናል እንጂ ድንበሯን አያፈርስም።