የሳልሞን ዓሣ ሻጋታና መከላከያው

በሞሰብ ውስጥ የሰነበተ እንጀራ ሻጋታ እንደሚያወጣ ማናችንም እናውቃለን፡፡ ሻጋታ መሰል ነገር ሕያው ዓሣንም እንደሚይዝ ግን ብዙዎቻችን አላሰብነው ይሆናል፡፡ በኖርዌይ፥ በስኮትላንድና በቺሌ ሳልሞን የተባለውን ዓሣ ለገበያ የሚያረቡ ሰዎች ከዚህ ጠላት ጋር ዘወትር ይታገላሉ፡፡

ሳልሞን የሚሰባው ባሕር ላይ በተዘረጋ መረብ ውስጥ ቢሆንም የሚፈለፈለው ግን ጨው በሌለበት ውሃ ነው፡፡ ሳፕሮሌግኒያ የተባለው ፍጥረት የሚያጠቃውም በዚሁ ዘመኑ ነው፡፡ በመጀመሪያ በሞተ እንቁላል ላይ ያርፋል፤ ቀጥሎም እንደ ባዘቶ ነጭ ክሩን ዘርግቶ በአጠገቡ ያሉትን ጤነኞች እንቁላሎች አፍኖ ይገድላል፡፡ የተፈለፈለውን ዓሣ ደግሞ የሚይዘው በተለይ ቆዳውን የሚሸፍነው ልጋግ በመረብ ወይም በእጅ ሲፋቅ ነው፡፡

ሊቃውንት ይህን ፍጥረት ለብዙ ዘመን ፈንገስ ሲሉት ኖረዋል፡፡ ዛሬ ግን ከእንጀራው ሻጋታ ይልቅ ለቡናማው የባሕር አልጌ እንደሚቀርብ ታውቋል፤ የሕዋሱ ግድግዳም በአመዛኙ የተሠራው ከሴሉሎስና ከመሰሎቹ ነው፡፡ ይህ የስም ክርክር ብቻ ነው የሚል ጓደኛ ይኖር ይሆናል፡፡ ነገር ግን ለእውነተኛው ፈንገስ የተቀመመ መድኃኒት ሁሉ ለዚህኛው እንደማይበጅ ያስረዳናል፡፡

ማላካይት ግሪን የተባለው የሐርና የቆዳ ማቅለሚያ ግን ይበጅ ነበር፡፡ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አርቢዎች በርካሽ እየገዙ እንቁላሉንና ዓሣውን ይነክሩበት ነበር፡፡ ይሁን እንጂ ቅሪቱ በዓሣው ሥጋ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ካንሰር ያመጣል ተብሎም ስለሚያሠጋ በአውሮፓ ኅብረትና በአሜሪካ ለምግብ በሚውል ዓሣ ላይ ተከልክሏል፡፡ ለአርቢው የረከሰው መድኃኒት ዕዳውን የሚጥለው በበላተኛው ላይ ነበር ማለት ነው፡፡

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንደኛ፥ የሞተውን እንቁላል ሳይውል ሳያድር መልቀም፡፡ ሁለተኛ፥ ውሃው ንጹሕ ሆኖ እንዲፈስ ማድረግ፥ ዓሣውን አለማጨናነቅና ልጋጉ እንዳይላጥ በጥንቃቄ መያዝ፡፡ ሦስተኛ፥ ሳፕሮሌግኒያ ጨው ስለማይስማማው በጨው ውሃ መንከር፡፡ ፎርማሊንና ብሮኖፖልም በተፈቀዱበት አገር በልክ ይሰጣሉ፡፡

ዓሣው ወደ ባሕር ሲወርድ ይህ ጠላት ቢቀርለትም ሌላ ይጠብቀዋል፡፡ ኢክትዮፎነስ የተባለው ጥገኛ በልብ፥ በጉበትና በኩላሊት ውስጥ ይቋጠራል፡፡ በ1991 እ.ኤ.አ. በስዊድንና በዴንማርክ መካከል ባለው ባሕር ሄሪንግ የተባለውን ዓሣ በብዛት ፈጅቷል፡፡ እርሱም ቀድሞ ፈንገስ ይባል ነበር፤ አሁን ግን ለእንስሳት ወገን የቀረበ ሆኖ ተገኝቷል፡፡ ፈዋሽ መድኃኒት የለውም፡፡ የታመመ ጥሬ ዓሣ በመብላት ስለሚተላለፍ ዋናው መከላከያ በሙቀት የበሰለ መኖ ማብላት ነው፡፡

በሁለቱም በሽታዎች ዘንድ ከመድኃኒት ጠርሙስ ይልቅ የአርቢው የዕለት ጥንቃቄ ይበልጣል፡፡ አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዓሣ አርቢም ይሠራል፡፡