የመኪና ኮምፒውተሮች መነጋገር ሲያቆሙ

ሌሊቱን ከባድ ዝናብ ጥሎ ባደረበት ማለዳ አንድ መኪና አልነሳ ይላል። ባትሪው ሙሉ ነው፤ ነዳጅም አለ። በዳሽቦርዱ ላይ ግን የሞተሩ፣ የፍሬኑና የካምቢዮው የማስጠንቀቂያ መብራቶች በአንድነት በርተዋል። የመመርመሪያ መሣሪያው ሲገጠም «ዩ0100» የሚል ምልክት ያሳያል፤ ትርጉሙም ከሞተሩ ኮምፒውተር ጋር ያለው ግንኙነት ተቋርጧል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚከተለው ፍርድ «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል፤ ይቀየር» የሚል ነው። ባለንብረቱ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ካስቀየረ በኋላም መኪናው አሁንም አልነሳ ሊል ይችላል። ለመሆኑ ስህተቱ የት ላይ ነው? በዚህ ጽሑፋችን መልሱን የምንፈልገው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በተማርነው የኦም ሕግ አማካይነት ነው።

ሁለት ሽቦ፣ ብዙ ተናጋሪ

ዘመናዊ መኪና ሞጁል የሚባሉ በርካታ ትናንሽ ኮምፒውተሮች አሉት። 10 ሞጁሎችን አንዱን ከሌላው ጋር በየራሱ መስመር እናገናኝ ብንል 45 መስመሮች ያስፈልጉናል። ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ለዚህ ችግር መፍትሔ ፍለጋ እ.ኤ.አ. በ1983 ጀምሮ በ1986 ይፋ ያደረገው «ካን» የተሰኘ ዘዴ ሁሉንም ሞጁሎች በሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች ላይ ያገናኛቸዋል።

መስመሩ ጸጥ ሲል በሁለቱም ሽቦዎች ላይ 2.5 ቮልት ያህል ይገኛል። መልእክት ሲተላለፍ አንዱ ወደ 3.5 ከፍ፣ ሌላው ወደ 1.5 ዝቅ ይላል። ተቀባዩ የሚያነበው ልዩነታቸውን፣ ማለትም 2 ቮልትን ነው። ከውጭ የመጣ ረብሻ በሁለቱም ላይ 1 ቮልት ቢጨምር 4.5 እና 2.5 ይሆናሉ፤ ልዩነቱ ግን አሁንም 2 ነው። መልእክቱ በሞተሩ ብልጭታ መካከል ሳይበላሽ የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

የስልሳ ኦም ምስክርነት

በመስመሩ ሁለት ጫፎች ላይ ምልክቱ ነጥሮ እንዳይመለስ የሚያደርጉ ባለ 120 ኦም ሬዚስተሮች አሉ። ሁለቱ በትይዩ የተያያዙ ስለሆኑ በአንድነት ሲለኩ 60 ኦም ይሰጣሉ። ከመሪው በታች ባለው ባለ 16 ቀዳዳ የምርመራ ሶኬት ውስጥ በ6ኛውና በ14ኛው ቀዳዳዎች መካከል ይህንን መለካት ይቻላል። ከልኬቱ በፊት ባትሪው ተነቅሎ ጥቂት ደቂቃዎች መቆየት ይኖርበታል፤ በሥራ ላይ ባለ መስመር ላይ የሚለካ ሬዚስታንስ ሐሰት ይናገራልና። በአንዳንድ አዳዲስ መኪናዎች ደግሞ በሶኬቱና በመስመሩ መካከል ሌላ ሞጁል ስለሚቆም ልኬቱ ከመስመሩ ከራሱ መወሰድ አለበት።

ውጤቱ 60 ከሆነ ሽቦዎቹ እስከ ሁለቱም ጫፎች ደህና ናቸው። 120 ከሆነ አንዱ ጫፍ ተነጥሏል። ወደ 0 ከተጠጋ ሁለቱ ሽቦዎች በአንድ ስፍራ ተነካክተዋል፣ ወይም አንድ ሞጁል በውስጡ አገናኝቷቸዋል፤ በዚህ ጊዜ ሞጁሎቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ልኬቱ ከፍ የሚልበትን መጠበቅ ነው።

ዝም ያለው ማን ነው?

ወደ መኪናችን እንመለስ። ልኬቱ 60 ኦም ሆነ እንበል። የፍሬኑና የካምቢዮው ሞጁሎች ከመርማሪው ጋር ይነጋገራሉ፤ ሁለቱም የሚከሱት የሞተሩን ኮምፒውተር ነው። እንግዲህ ችግሩ በጋራ መስመሩ ላይ ሳይሆን በአንድ አባል ዘንድ ነው ማለት ነው። ይሁን እንጂ ዝም ያለ ሁሉ አልሞተም፤ ምግቡ የተቋረጠበትም ዝም ይላል። ስለዚህ ቀጥሎ የሚመረመሩት ፊውዙ፣ የኃይል ሽቦውና ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኘው የነጋቲቭ ሽቦ ናቸው።

መልቲሜትርም እዚህ ላይ ሊያታልል ይችላል። የሚስበው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ስለሆነ በዝገት በተበላ ሽቦ ላይ እንኳ 12 ቮልት ያሳያል። ዝገቱ 1 ኦም ቢኖረውና 4 አምፔር ቢያልፍበት ግን 4 ቮልት በመንገድ ይቀራል፤ ለኮምፒውተሩ የሚደርሰው 8 ብቻ ይሆናል። ስለሆነም የሞጁሉ ሶኬት ተነቅሎ በዋናው የኃይል መስመርና በነጋቲቩ መካከል የፊት መብራት አምፖል ይያያዛል። አምፖሉ ደብዝዞ ከበራ ጥፋቱ የሽቦው ነው። በዝናብ ውሃ የዛገውን ማያያዣ መፋቅና ማጥበቅ ኮምፒውተር ከመግዛት ያድናል። አምፖሉ ግን በካን ሽቦዎች ላይ ፈጽሞ አይሞከርም፤ የአየር ከረጢቶቹን ሽቦዎችም በመልቲሜትር መንካት አደገኛ ነው።

አምፖሉ ደምቆ ከበራ፣ ወደ ኮምፒውተሩ የሚገቡት ሁለቱ የካን ሽቦዎችም እስከ ሶኬቱ ድረስ ካልተቆረጡ፣ ያን ጊዜ ብቻ ኮምፒውተሩን መጠርጠር ተገቢ ይሆናል።

በሀገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች እየበዙ መጥተዋል። በእነርሱም ውስጥ ባትሪውን የሚቆጣጠረው ሞጁልና ሞተሩን የሚያዘው ሞጁል የሚነጋገሩት በዚሁ የካን መስመር ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ዕቃ ከመለወጥ በፊት መለካትን የለመደ ባለሙያ ለነገዎቹም መኪናዎች ይበቃል።