ስለ ኦቶሞቢል መሪ መላላትና ስለ ቴስቲና አለዋወጥ

ለእርሻ ሥራ ወደ ገጠር የሚወጣ ኦቶሞቢል በከተማ ከሚመላለሰው ይልቅ መሪው ቶሎ ይላላል። ዘርና ማዳበሪያ ጭኖ በድንጋያማ መንገድ ሲሄድ፥ ወንዝም ሲሻገር፥ ድካሙ የሚያርፈው መሪውን ከፊት ጐማዎች ጋራ በሚያያይዙት ትንንሽ መጋጠሚያዎች ላይ ነው። ብዙ ሹማምንትና ባለ እርሻዎች ግን ነጂው «መሪው ላልቷል» ብሎ ሲያመለክት፥ ከመንገድ ለመቅረት ሰበብ የፈለገ ይመስላቸዋል። ከጐሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሓ የሚወርደውን ጠመዝማዛ ያየ ሰው ነገሩን አያቃልለውም፤ በዚያ ቁልቁለት መጋጠሚያው ቢወልቅ፥ መሪው ቢዞርም ጐማው አይታዘዝምና።

የጋራዥ ሰዎች ይህን መጋጠሚያ ቴስቲና ይሉታል፤ ቃሉ በኢጣልያ ቋንቋ ትንሽ ራስ ማለት ነው። በጽዋ ውስጥ እንደ ተቀመጠ ድቡልቡል ብረት ያለ ሆኖ፥ በውስጡ ግራሶ፥ በላዩም የላስቲክ ቆብ አለው። ላስቲኩ ሲቀደድ አቧራና ውሃ ይገባል፤ ግራሶው ይታጠባል፤ ብረትም ብረትን ይበላል። ስለዚህ የተቀደደ ላስቲክ ያየ ሰው መሪው እስኪላላ መጠበቅ የለበትም።

ምልክቱ፥ መሪው ሲዞር ጐማው ዘግይቶ መከተሉ፥ ኦቶሞቢሉ በቀና መንገድ ወዲያና ወዲህ ማለቱ፥ ጐማውም በአንድ ወገን መበላቱ ነው። ነገር ግን የጐማ ነፋስ ሲያንስም እንዲሁ ይሆናልና፥ አስቀድሞ ነፋሱ ይለካ።

ምርመራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። የምንናገረው የፊቱ አክስል አንድ ወጥ ስለ ሆነው፥ እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. መሠራት እንደ ጀመረው ባለ ሰባ ቍጥሩ ቶዮታ ላንድ ክሩዘር ስላለው ነው። ኦቶሞቢሉ በደልዳላ መሬት ይቁም፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ የኋላ ጐማዎቹም በድንጋይ ይታገዱ። ጐማዎቹ መሬት እንደ ረገጡ፥ አንዱ ሞተሩን አስነሥቶ መሪውን በጥቂቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዝ፤ ሁለተኛው ከጐን ተኝቶ እጁን በየመጋጠሚያው ላይ በተራ እያኖረ ይመልከት። ከመሪው ወገን ያለው ዘንግ ተንቀሳቅሶ ከጐማው ወገን ያለው ክንድ ቆሞ ከቀረ፥ በመካከላቸው ያለው ቴስቲና አርጅቷል። ዐይን የሚያመልጠውን እጅ ያገኘዋል። ምርመራውም ከመሪው ሣጥን ተነሥቶ እስከ ጐማው በተራ ይሁን፤ ሣጥኑ ከሻንሲው ጋራ የታሰረበት ብሎን ላልቶ ሳለ፥ ደኅና ቴስቲና በከንቱ የሚለወጥበት ጊዜ አለና።

ከዚህ በኋላ የፊቱ ጐማ በክሪክ ይነሣና ከአክስሉ በታች ጽኑ ድጋፍ ይግባ፤ ክሪክን ብቻ ተማምኖ ከሥር መግባት በነፍስ መጫወት ነው። ጐማው በግራና በቀኝ ተይዞ ሲነቀነቅ ብቻ ቢወዛወዝ ቴስቲናው ይጠርጠር። ከላይና ከታች ተይዞ ቢወዛወዝ ግን፥ ሌላው ሰው የእግር ፍሬን ይርገጥ፤ መወዛወዙ ቢጠፋ ጥፋቱ የጐማው ኩሽኔታ ነው፤ ባይጠፋ ጐማው የሚታጠፍበት አንጓ ኩሽኔታ ነው።

መለወጡን ልምድ ያለው ነጂ በግቢ ውስጥ ሊፈጽመው ይችላል። አስቀድሞ የዘንጉ ርዝመት፥ ከቴስቲና መካከል እስከ ቴስቲና መካከል፥ ተለክቶ ይጻፍ። መቆለፊያው ኮፒሊያ ይውጣ፤ ዳዶው ይላላ እንጂ ፈጽሞ አይውለቅ፤ ክንዱም ከጐኑ በመዶሻ ሲመታ ሾጣጣው ይለቃል። የብሎኑን ጫፍ የሚመታ ጥርሱን ያበላሻል። አሮጌው ከዘንጉ ሲፈታ ዙሩ ይቈጠር፤ አዲሱም በዚያው ቍጥር ይግባ። የአንደኛው ጫፍ ጥርስ በተቃራኒ የሚዞር መሆኑን ነጂው ይወቅ።

የአዲሱ ሾጣጣ ግራሶ ሳይነካው ደረቅ ሆኖ ይግባ። ዳዶው በፋብሪካው መጽሐፍ በታዘዘው ልክ ይጥበቅ፤ የኮፒሊያው ቀዳዳ ባይገጥም እስኪገጥም ጥቂት ይጨመርበት እንጂ ወደ ኋላ አይላላ። ኮፒሊያውም አዲስ ይሁን። በእርሱ ፈንታ ምስማር ወይም ሽቦ የሚያስር ነጂ አለ፤ ይህን ያየ ሹም ኦቶሞቢሉ ከግቢ እንዳይወጣ ይከልክል። የተጣመመ ዘንግን በእሳት አቃንቶ ወይም በየዶ መመለስም እንዲሁ አይፈቀድ፤ ብረቱ ኀይሉን ያጣል፥ ሲሰበርም አያስጠነቅቅም።

የመሪው ሣጥን ውስጡ ያረጀ እንደ ሆነ ወደ ጋራዥ ይላክ። ቴስቲናው ተለውጦ ሲያበቃም፥ የሁለቱ ፊት ጐማዎች ርቀት በፊትና በኋላ ወገን በአክስሉ ከፍታ ይለካ፤ ልዩነቱም ከፋብሪካው መጽሐፍ ጋራ ይተያይ። ጭነት የሚጫነው ባዶው ኦቶሞቢል በደልዳላ መንገድ በዝግታ ተፈትኖ፥ ዳዶውና ኮፒሊያው እንደ ገና ከታዩ በኋላ ነው።