«የት ውሃ ላይ ነው?»

የመጀመሪያዋን ጀልባዬን የገዛሁት ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ አልጋዬ ላይ ጋደም እንዳልኩ በስልኬ ነው። 189 ዶላር። በአየር የምትነፋ፣ ቢጫ፣ ሁለት ሰው የምትይዝ ካያክ፤ ከነመቅዘፊያዋ፣ ከነሁለት ላይፍ ጃኬቷ። ጃኬቶቹ ላይ «ለሁሉም ልክ» የሚል ተጽፏል። እኔ ባሕር ዳር፣ ጣና አፍንጫ ሥር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ዋና ግን አልችልም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የሚመጣውን ጅልነቴን እንድትታገሡኝ ነው።

ሲያትል ከመጣሁ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ከተማዋን ውሃ ከቧታል፤ በምሥራቅ ሌክ ዋሽንግተን፣ መሀሏ ላይ ሌክ ዩንየን፣ በምዕራብ ፒውጀት ሳውንድ የሚሉት የባሕር ሰላጤ። በዚህ ሁሉ ዘመን ውሃውን ያየሁት ከአውቶቡስ መስኮት ነበር። ልጄ 12 ዓመት ሊሞላት ሲል ለልደቷ ካያክ አለችኝ። ስልክ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኔ ላይ ካያኳን ሌክ ዋሽንግተን ዳር ወዳለው ሴዋርድ ፓርክ ወስጄ፣ በእግር ፓምፕ ግማሽ ሰዓት ነፍቼ ገባን። በእንዲህ ያለ ጀልባ ሰው ውሃው ውስጥ አይቀመጥም፤ ውሃው ላይ ነው የሚቀመጠው። ነፋስ ሲነሣ እንደ ፊኛ ይዞን ሄደ። መቅዘፊያው መገጣጠሚያው ላይ ተፈታ፤ የኔ ጃኬት ደግሞ ጆሮዬ ድረስ ወጥቶ ልጄን እንኳ እንዳላይ ከለለኝ። ሁለት ጎረምሶች ቆመው በሚቀዝፉበት ሰሌዳ መጥተው እየጎተቱ አወጡን። ዕቃውን ልመልስ ብል ሻጮቹ «ውሃ ነክቶታል፣ አንቀበልም» ብለው ጻፉልኝ። የሸጡልኝ እኮ ጀልባ ነው!

አብራኝ የምትሠራ ፊሊፒናዊት ነርስ ስቃ ስቃ ስታበቃ ሌክ ዩንየን ዳር ወዳለ ትንሽ ሱቅ ላከችኝ። ሱቁ በእንጨት መድረክ ከውሃው ጋር ተያይዟል፤ ውስጡ ጎማ ጎማ፣ እርጥብ ልብስ እርጥብ ልብስ ይሸታል። ሽበት የወረሰው ሻጭ ስንት ይዘሻል አላለኝም። «የት ውሃ ላይ ነው?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ ልጅ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። አባቴ ታንኳ ሊያሠራ የሄደ ቀን አብሬው ነበርኩ። ሠሪው የወይጦ ማኅበረሰብ ሽማግሌ ናቸው፤ ታንኳው የሚሠራበትን ደንገል እያሰሩ፣ ቀና ሳይሉ፣ «እንጨት ነው የምትጭንበት ወይስ ሰው? ከዳር ከዳር ነው ወይስ እስከ ደሴቶቹ?» አሉት። ዋጋ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ደንገል ውሃ ይጠጣልና ታንኳ ውሎ ሲመለስ ዳር ላይ አቁመው ያደርቁታል፤ ያም ሆኖ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። ታንኳው ቢያስቸግርም ሠሪው የትም አይሄዱም፤ እዚያው ሐይቅ ላይ ነው የሚውሉት፤ ነገ ፊት ለፊት ትገናኛላችሁ።

ለሽበታሙ ሰው የምንቀዝፈው ሐይቅ ላይ፣ በበጋ፣ ከዳር ሳንርቅ መሆኑን ነገርኩት። ግድግዳው ላይ አንድ ሙሉ ልብስ ተሰቅሏል፤ አንገቱና የእጅ አንጓው ላይ ጥብቅ ጎማ አለው፣ ውሃ አያስገባም፣ ድራይሱት ይሉታል። ዋጋው ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። ፈርቼ ነበርና «ይህንንም ልግዛ?» አልኩት። «አትግዢ» አለኝ። «ወደ ፒውጀት ሳውንድ ለመውጣት ስታስቢ ተመልሰሽ ነይ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቅ የምመዝነው በዚህች «አትግዢ» ነው።

ምክንያቱን አስረዳኝ። ሌክ ዋሽንግተን በበጋ ፊቱ ይሞቃል፣ ሰው ይዋኝበታል። ፒውጀት ሳውንድ ግን ጥልቅ ነው፤ የባሕሩ ውሃ ሲሞላና ሲጎድል የታችኛውን ቀዝቃዛ ውሃ ከላይኛው ጋር ስለሚቀላቅለው ፀሐይ በሚያቃጥልበት ሐምሌ እንኳ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ጎርደን ጊስብረክት ለዚህ የሚያስተምሩት ቀላል ቀመር አለ፤ 1፣ 10፣ 1። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ትንፋሹን ለማረጋጋት 1 ደቂቃ አለው፤ እጁና ጣቱ የሚታዘዙለት 10 ደቂቃ ያህል ነው፤ ብርዱ ራሱን እስኪያስተው ደግሞ 1 ሰዓት ገደማ። እንግዲህ መጀመሪያ የሚያሰጋው የትንፋሽ መናወጥ እንጂ የሰውነት መቀዝቀዝ አይደለም። በዚያች አንድ ደቂቃ አፍንና አፍንጫን ከውሃ በላይ የሚያቆየው ላይፍ ጃኬቱ ነው። ልብስ የሚለበሰውም ለአየሩ ሳይሆን ለውሃው ሙቀት ነው። እኔ አየሩን አይቼ ነበር ልጄን ቲሸርት ያለበስኳት።

ጃኬት ሲለካልን ወንበር ላይ አስቀመጠን። ካያክ ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚዋለው፤ ቆመው ሲለኩት ልክ የመሰለ ጃኬት ሲቀመጡ ወንበሩ ገፍቶ አገጭ ሥር ይወትፈዋል። ለዚህ ነው የካያክ ጃኬት ጀርባው ላይ ስፖንጁ ከፍ ብሎ የሚጀምረው። ማጥበቂያዎቹን ከታች ወደ ላይ ሳብን፤ ከዚያ ልጄ የጃኬቴን ትከሻ ይዛ ሽቅብ እንድትጎትት አደረገ። ጆሮ ከነካ አይሆንም። አራተኛው ሆነልኝ፤ ለሴት ደረት ተብሎ የተቀደደ ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር። ውስጡ ያለውን የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ማረጋገጫ ጽሑፍም አሳየኝ። ብዙውን አዋቂ ሰው ለማንሳፈፍ ከ3 እስከ 5 ኪሎ የሚያነሣ ኃይል ይበቃል፤ ይህ ጃኬት 7 ኪሎ ያህል ያነሣል። የአዋቂ ልክ የሚወሰነው በደረት ስፋት ነው፤ የልጅ ግን በክብደት። በዋሽንግተን ግዛት ሕግ ከ19 ጫማ ባጠረ ጀልባ ላይ 12 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ጀልባው እየሄደ ጃኬቱን መልበስ ግዴታው ነው፤ አዋቂው ጀልባው ላይ ይዞ ቢገኝ ይበቃዋል። ልጄ ይህን ስትሰማ ዞር ብላ አየችኝ። እኔም ለብሼ ነው የምቀዝፈው።

ታዲያ ሁሉን ነገር ከዚያ ትንሽ ሱቅ ገዛሁ? አልገዛሁም። የዝናብ ልብሱን፣ ውሃ የማያስገባውን ከረጢትና የግንባር መብራቱን ከአር ኢ አይ ነው የገዛሁት። ይህ ትልቅ ሱቅ እዚሁ ሲያትል በ1938 የተመሠረተ ነው፤ ሎይድና ሜሪ አንደርሰን የተባሉ ተራራ ወጪ ባልና ሚስት ጥሩ የበረዶ መጥረቢያ በርካሽ ከኦስትሪያ አስመጡ፤ ጓደኞቻቸውም ለእኛም አሉ፤ 23 ሆነው ማኅበር አቋቋሙ። በኛ ቋንቋ የሸማቾች ማኅበር ማለት ነው፤ ልዩነቱ ለስኳርና ለዘይት የሚሰለፉበት አለመሆኑ ነው። አንድ ጊዜ 30 ዶላር የከፈለ ዕድሜ ልኩን አባል ነው። አባል ያልወደደውን ዕቃ እስከ አንድ ዓመት፣ አባል ያልሆነ እስከ 90 ቀን መመለስ ይችላል። እስከ 2013 ድረስ ለመመለስ የጊዜ ገደብ አልነበረውም፤ ገደቡን ያስመጡት ለዓመታት የተረገጠ ጫማ ተሸክመው የሚመጡ ደንበኞች ናቸው። «ውሃ ነክቶታል» ለተባለች ሴት ይህ ደንብ ሙዚቃ ነው። ጀልባ ላይ ሲሆን ግን፣ በየትኛውም ትልቅ ሱቅ የሚያስተናግዳችሁ ሰው ትናንት ድንኳን ሲሸጥ የዋለ ሊሆን ይችላል።

ጀልባውን ሽበታሙ ሰው ወዲያው አልሸጠልንም። አከራየን። ሦስት ቅዳሜ ሦስት ዓይነት ካያክ ቀዘፍን። በመጀመሪያው ጭኔ ደነዘዘ፤ በሁለተኛው ጉልበቴ ከላይኛው ክዳን አልደርስ ብሎኝ በዞርኩ ቁጥር ወዲህ ወዲያ ተንሸራተትኩ። ሦስተኛው 12 ጫማ ነው፣ ፕላስቲክ፤ እግሬ መርገጫው ላይ አረፈ፣ ወገቤም ሳይጨነቅ ያዘኝ። ሃያ ደቂቃ ተቀምጣችሁበት እግራችሁ የሚደነዝዝበትን ጀልባ አትግዙ፤ ቀለሙ ምንም ያህል ቢያምር። የመኪና ጣሪያ ላይ መጫኑንም እዚያው ሞከርን። 20 ኪሎ ቀላል ይመስላል፤ ከሌሊት ፈረቃ በኋላ ግን ሌላ ነው።

የኪራይ ሱቆች ወቅቱ ሲያልፍ ያከራዩበትን ጀልባ ይሸጣሉ። መስከረም ላይ ያንኑ ሦስተኛውን በ450 ዶላር ወሰድኩት፤ ሆዱ በጠጠር የተቧጨረ ነው። ጭረት አያስፈራም። የሚያስፈራው ፀሐይ ያደረቀው ፕላስቲክ ነው፤ ቀለሙ ነጣ ብሎ ዱቄት ዱቄት ይላል። ሆዱን በመዳፍ መጫን፣ የዕቃ ማስቀመጫውን የጎማ ክዳን ማጠፍ (ከተሰነጣጠቀ አርጅቷል)፣ ውስጡን ወደሚከፍለው ግድግዳ ውሃ አፍስሶ ወደ ማዶ ማለፍ አለማለፉን ማየት፣ ኋላው ላይ የተቀረጸውን 12 ሆሄና ቁጥር መመልከት ያስፈልጋል። ቁጥሩ ተፍቆ ከሆነ ባለቤቱ ሌላ ሰው ሊሆን ስለሚችል ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ጃኬት ግን አሮጌ አልገዛም፤ ስፖንጁ ምን ሲጫነው እንደኖረ ማን ያውቃል?

ከጀልባው የተረፈኝን ገንዘብ መቅዘፊያ ላይ አዋልኩት። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ጀልባው ላይ ይራቀቅና መቅዘፊያው የተገኘው ይሁን ይላል። ጀልባውን ውሃ ይሸከመዋል፣ መቅዘፊያውን የምትሸከሙት እናንተ ናችሁ። በደቂቃ 40 ጊዜ ብትቀዝፉ በሰዓት 2,400 ነው፤ እዚያ ላይ የ300 ግራም ልዩነት ቀላል አይደለም። የኔ 230 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጀልባው ሰፊ ሲሆን መቅዘፊያው ይረዝማል። በጎረቤት ግዛት በኦሪገን የሽያጭ ታክስ ስለሌለ እዚያ ፖርትላንድ ሄደሽ ግዢ ያሉኝም ነበሩ። ሲያትል ከመቶ ከ10 በላይ ታክስ ይከፈላል፤ እውነት ነው። ግን ዕቃውን እዚህ አምጥቶ የሚጠቀም ነዋሪ ያንኑ ታክስ ለዋሽንግተን የመክፈል ግዴታ አለበት። የቤንዚኑን ሒሳብ ለእናንተ ልተወው።

ያላሰብኩበት አንድ ነገር ቀረ፤ ማስቀመጫ። የምኖረው አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰሩ ጀልባ አያስገባም። ለጊዜው የሥራ ባልደረባዬ ጋራዥ ውስጥ ተሰቅሏል።

እሑድ ለእናቴ ደውዬ ፎቶውን ላክሁላት። መነጽሯን ፈልጋ ብዙ አየችው። «ስንት ገዛሽው?» አለች፤ ነገርኳት፤ ዝም አለች። ቀጥላ፣ «ታዲያ ውሎ ሲገባ የት ታደርቂዋለሽ?»

«እማዬ፣ ይሄኛው አይርስም።»

«ውሃ ላይ ውሎ የማይርስ ምን ዓይነት ደንገል ነው?» አለችና ስልኩን ለወንድሜ ሰጠችው።